ከባቡሩ መስኮት የተጣለው ሥጋ

(ሐጃ ዘይነባ፣ ገዳሪፍ ውስጥ በሱቃቸው በረንዳ ላይ፣ ዝናብ የገላባትን መንገድ ዘግቶባቸው ለተቀመጡ መንገደኞችና «ሐቦባ» (አያቴ) እያለች ለምትጠራቸው ለልጅ ልጃቸው ለሰልማ ያጫወቱት። እንደተናገሩት ተጽፏል።)

በእኛ ጊዜማ ባቡር ሰው ብቻ ጭኖ አይሄድም፤ ወጥ ቤቱን ጭኖ፣ ምድጃውን አንድዶ፣ ሾርባውን እያፈላ ነበር የሚሄድ። ምነው ትስቃላችሁ? እውነቴን እኮ ነው። አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ እስቲ፣ ጭቃው ስላየኸው አይደርቅም፤ ከጠዋት ጀምረህ ትነሳለህ ትቀመጣለህ፣ እኔንም አዞርከኝ። መኪናው ሲመጣ ጥሩንባውን አትሰማም? እንግዲያ ቁጭ በል። እና ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ ባቡሩ።

ከዚህ ከገዳሪፍ ተነስቶ፣ በከሰላ አድርጎ፣ ፖርት ሱዳን ባሕሩ ድረስ የሚወርድ የመንገደኛ ባቡር ነበር። እና መኻሉ ላይ አንድ ፉርጎ አለ፣ የምግብ ፉርጎ። ጠረጴዛው ሁሉ ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ አሳላፊዎቹ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው አረንጓዴ መቀነት የታጠቁ። ሾርባ ይመጣል፣ ዓሣ ይመጣል፣ ዶሮ በድንች ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከወተትና ከእንቁላል የሚሠሯት ጣፋጭ ነገር አለች፣ ባቡሩ ሲንቀጠቀጥ እሷም ሳህኑ ላይ አብራ የምትንቀጠቀጥ። ይሄን ሁሉ እኔ በዓይኔ አላየሁትም ያኔ። አባቴ ናቸው ያዩት።

አባቴ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ መተማ ላይ ሰሊጥ ነጋዴ ነበሩ። ለሐጅ ሲሄዱ በዚያ ባቡር ወርደው፣ በዚያው ባቡር ተመለሱ። ታዲያ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «እንኳን ደህና መጡ፣ እስቲ ያዩትን ያጫውቱን» ሲላቸው፣ ጥቂት ስለ ካዕባ አወሩና ወደ ሾርባው ገቡ። «አጥንቱ ቀልጦ እንደ ማር ሆኗል፤ ሎሚ ጣል አድርጎበታል፤ ፈረንጁ ሁሉ ዳቦውን እየነከረ...» እናቴ ናት የተቆጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ስለ መካው ሐረም ጠይቄህ ስለ ሾርባ ትነግረኛለህ?» አለቻቸው። እሳቸው ግን፣ «የሚሠራው ማን መሰለሽ? የጎንደር ልጅ ነው፣ ኢድሪስ ይባላል፣ እስላም ነው፣ ሚስት የለውም» አሉ። እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። ሁላችንም ገብቶናል።

ሰው ልጁን ለመሬት ይድራል፣ ለከብት ይድራል። እኔን ለሾርባ ዳሩኝ።

ሰልማ፦ ሐቦባ፣ አንቺስ አይተሽው ነበር?

የት አይቼው፣ ልጄ? ሰርጉ ለት ነው ያየሁት። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ቦታ መቆም የማይችል ሰው። ሲቆም ደግሞ እግሩን አንፈራጦ ነው የሚቆም፣ ቤት ውስጥም። ድስት ከግማሽ በላይ አይሞላም፤ «ባቡር ሲታጠፍ ይፈሳል» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ቤታችን ወዴት ነው የሚታጠፍ?» እለው ነበር። ምላሰኛ ነበርኩ። አሁን ነው እንዲህ ጨዋ የሆንኩ።

ታዲያ ፖርት ሱዳን ላይ ቤት ተከራይቶ ነበርና ሊወስደኝ፣ ክረምቱ ገብቶ ሳለ፣ ባቡሩ ላይ አሳፈረኝ። እሱ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ እኔ ሦስተኛ ማዕረግ ከሴቶቹ ጋር። የሠራተኛ ሚስት ነጭ ጨርቅ ላይ አትቀመጥም። ከጎኔ ፋጥና የምትባል የከሰላ ሴት ነበረች፣ ትልቅ ሴት፣ ዘንቢሏን እግሯ መኻል ይዛ። እና ልክ እንደተነሳን አሳላፊው ሳህን በፎጣ ሸፍኖ አመጣልኝ። «ከዋናው ወጥ ሠሪ፣ ከኡስታ ኢድሪስ ነው» አለኝ። ሴቶቹ ሁሉ ዘወር ዘወር አሉ። እኔ ኮራሁ። ፎጣውን ገለጥኩት፣ ሾርባው ነው፣ አባቴ እኔን የዳሩለት ሾርባ። ቀመስኩት።

ምን ልበላችሁ። እጅ የታጠቡበት ውኃ ነው። ጨው እንኳ አኩርፎታል። ፋጥና አንድ ማንኪያ ቀምሳ፣ «ልጄ፣ ባልሽ ታሟል እንዴ?» አለችኝ።

ኢድሪስ ሥራውን አጋምሶ መጣ፣ በመተላለፊያው ቆመና፣ «እንዴት ነው?» አለኝ። ሙሽራ ነኝ እኮ፣ እጄ ላይ ሒናው አልለቀቀም። ሌላ ብትሆን «እጅህ ይባረክ» ትል ነበር። እኔ፣ «አባቴ ለዚህ ነው የሰጡኝ?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ቁጣ አልነበረም። ዝቅ ብሎ፣ «የአባትሽ ጊዜ ሌላ ነበር» አለኝ። «አሁን ወጥ ቤቱን አንድ ነጋዴ በኮንትራት ወስዶታል። በሺርን ሹም አድርጎ አስቀመጠብን። በሺር አጥንት ይሰጠኛል፣ አፈላለሁ፤ በማግስቱ ያንኑ አጥንት ይሰጠኛል። ወተቱ ውኃ ነው፣ ዶሮዋ ክንፍ ብቻ ናት። ሰው ይበላና ቀና ብሎ ያየኛል። ምን ልበለው?» አለ። ይሄን ሲል እጁን ይጠርጋል፣ ንጹሑን እጅ፣ በሽርጡ ላይ ደግሞ ደጋግሞ ይጠርጋል። ከዚያ ሄደ፣ እኔም ሳህኑን ይዤ ቀረሁ።

እና ከከሰላ በፊት ያለችው ገርባ ሳንደርስ ባቡሩ ቆመ። ዝናብ ጥሎ ሐዲዱን ከሥሩ በልቶታል፤ ብረቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ይታያል። ፊትም ሜዳ፣ ኋላም ሜዳ፣ መረሬው አፈር ተላቁጦ እግር የሚውጥ። «አሁን ይጠገናል» አሉ፣ ዋልን። «ነገ ይጠገናል» አሉ፣ አደርን። ሰው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ የተሳፈሩት ወርደው ጥላ ያጣሉ፤ ከውስጥ ያሉት ሙቀቱ አስወጥቷቸው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። አንዱ ይጸልያል፣ አንዱ ይሳደባል። ልክ እንደናንተ፣ ሁሉም ያንን መንገድ ያያል፣ መንገዱ ግን አያየውም።

የወጥ ቤቱ የበረዶ ሳጥን ቀልጦ ውኃው ከፉርጎው ሥር ይንጠባጠብ ጀመር። ልጆች በእጃቸው እየተቀበሉ ፊታቸውን ይታጠቡበታል። ታዲያ በረዶ ከቀለጠ ሥጋ ምን ይሆናል? እናንተው ፍረዱ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ባሌን ልይ ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሲከራከሩ ሰማሁ። በሺር አጭር፣ ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ ሰው ነው። እኔ እደጁ ነኝ፤ የከሰሉ ጭስና የሚቁላላው ሽንኩርት አፍንጫዬን ሞልቶታል፣ ሌላ አይሸተኝም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

«ይሄ ሥጋ አይበላም» ይላል ኢድሪስ።

«ምን ሆነ? ትንሽ ተለወጠ እንጂ» ይላል በሺር። «በሆምጣጤ እጠበው፣ ሚጥሚጣውን አብዛበት፣ ጥበሰው።»

«ልጅህ ቢሆን ታበላዋለህ?»

«ልጄ እዚህ የለም። እዚህ ያለው የተራበ ሰው ነው፤ የተራበ ሰው ደግሞ አያሸትም።»

«ለዚያ እኮ ነው እኔ የማሸትለት» አለው ኢድሪስ።

በሺር መሐረቡን አጠፈና ለስለስ ብሎ፣ «አንተ ኢድሪስ፣ ሌላ ሥጋ የለንም። ይሄ ከሄደ ሻይና ብስኩት ብቻ ነው የሚቀረን። እውነት ንገረኝ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለው።

ኢድሪስ ሥጋውን አነሳ፣ አሸተተ፣ አስቀመጠ። ደግሞ አነሳ። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለ።

«እርግጠኛ ካልሆንክ አብስለው።»

«እርግጠኛ ካልሆንኩ አላበስልም» አለና በሁለት እጁ አቅፎ፣ ያንን ሁሉ ሥጋ፣ በመስኮቱ ወደ ጭቃው ወረወረው። በሺር እጀታውን ሊይዘው ነበር፣ አልደረሰበትም።

ጥንብ አንሳው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሰማዩ ባዶ ነበር፣ ወዲያው ሞላ። ሰዉም አየ። እና ጫጫታው! «ምሳችንን ጣሉት፣ ምሳችንን ጣሉት» እየተባለ ከፉርጎ ፉርጎ ወሬው ሮጠ። ከአንደኛ ማዕረግ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው መጥቶ፣ «አንተ ነህ የጣልከው? በማን ፈቃድ?» ይላል። ከጣሪያ የወረደ አንድ የቀን ሠራተኛ ደግሞ፣ «ለእኛ አትሰጠንም ነበር? እኛ እንኳን ሥጋ ድንጋይ ብንበላ አንታመም» ይላል። ያ ንግግር ኢድሪስን ከሱፍ ለባሹ ይበልጥ ወጋው፤ አየሁት።

ቢላዋውን አነሳ፣ ጨው በጨርቅ ቋጠረ፣ ከወጥ ቤቱ ስኳርና ሻይ ቅጠል በከረጢት ያዘ። ሜዳው ጫፍ ላይ ጭስ ይታያል፣ የግመል አርቢዎቹ የዓረቦቹ ድንኳን ነው። ወደኔ መጥቶ፣ «በግ በስኳር ለውጬ እመጣለሁ። ሰው ሳይበላ አያድርም» አለኝ። በሺር ከበሩ ሆኖ፣ «ከዚህ ከወረድክ ሥራህን ትተህ እንደሄድክ ነው» አለው። ኢድሪስ ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወረደ። እኔ በሩን ይዤ ጀርባውን አየዋለሁ። ጭቃውን እየተረማመደ፣ እያነሰ፣ እያነሰ፣ ጠፋ።

ታዲያ ምን ይሆናል? ከከሰላ በኩል ጠጋኞች መጥተው ኖሮ፣ ሐዲዱን ከሥሩ በድንጋይና በግንድ ደግፈው ሲያበቁ፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሩ ጮኸ። ሮጬ ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ነጂው ሽበታም ሱዳናዊ ነው። «አባቴ፣ ባሌ አልተመለሰም፣ ትንሽ ጠብቁልኝ» አልኩት።

ነጂው ወደ ሜዳው አየ፣ ወደ ሰማዩም አየ። ደመናው ጠቁሯል። «ልጄ፣ ከኋላዬ ሽማግሌ አለ፣ ምጥ የያዛት ሴት አለች። ዝናቡ ከደገመ ይሄ ድንጋይ ይሄዳል፣ ሁላችንም እዚህ እንቀራለን። ጩኸቱን አስረዝምልሻለሁ፣ ይሰማ ይሆናል» አለኝ። እና አስረዘመው፣ እውነቱን ነው፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር አስጮኸው። ሜዳው ላይ ግን የሚነቃነቅ ነገር የለም።

ተመልሼ ወጣሁና ተቀመጥኩ። ፋጥና እጄን ያዘችኝ። «ቁጭ በይ፣ ዘይነባ። ሰው ባቡር ተከትሎ ይመጣል፤ ባቡር ግን ሰው ተከትሎ አይመጣም። ከሰላ ከኔ ጋር ታድሪያለሽ» አለችኝ። ልክ ናት። ነገሩ ሁሉ ልክ ነበር። ባቡሩ ነቅነቅ አለ፣ እኔም ጥቅሌን አነሳሁና ወረድኩ።

በሺር ከበሩ አየኝ። እዚያ ጋ ሰውየውን አልዋሽበትም፣ ደነገጠ። «አንቺ ሴት፣ ጅብ ይበላሻል፣ ተሳፈሪ!» እያለ እጁን ዘረጋልኝ፤ ከባቡሩ ጋር አብሮ እየሄደ እጁን እንደዘረጋ ነው የራቀ። መቼም ባቡር ላይ ሆናችሁ ባቡር ታውቃላችሁ፤ ሜዳ ላይ ቆማችሁ ባቡር ሲሄድባችሁ አታውቁም። መጀመሪያ ድምፁ አለ። ከዚያ ሐዲዱ ብቻውን ይዘፍናል። ከዚያ እሱም ዝም ይላል።

ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። በሐዲዱ ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ ተመለስኩ። ቁርአን የማውቀውን ሁሉ ቀራሁ። አባቴን ሰደብኳቸው፣ አስተግፊሩላህ፣ ሾርባውንም ሰደብኩ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሳለ አንድ ግመል ታየኝ። በላዩ አንድ ዓረብ፣ በጎኑ ደግሞ አንድ ረጅም ሰው እግሩን አንፈራጦ ይራመዳል፣ ሁለት በግ በገመድ እየጎተተ።

ኢድሪስ ደረሰ። ሐዲዱን አየ፣ ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እና አፉን ከፍቶ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ምን መሰላችሁ? «ሰዎቹ በሉ ወይ?»

ሰልማ፦ ወይ ጉድ፣ ያ ሰላም! አንቺን ሳይሆን?

እኔን ሳይሆን! ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩበት፤ እሱን ስቶ በጉን መታው። «ብቻዬን ሜዳ ላይ ቆሜ የዋልኩት እኔ! ጅብ ሊበላኝ የነበረው እኔን! አንተ ስለ ሱፍ ለባሹ ሆድ ትጠይቀኛለህ?» አልኩት። ዓረቡ አፍሮ የግመሉን ልጓም የሚያስተካክል መሰለ።

ኢድሪስ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለ። ያ አንድ ቦታ መቆም የማይችል ሰው ቁጭ አለና ራሱን በእጁ ያዘ። «ዘይነባ» አለኝ፣ «እርግጠኛ አልነበርኩም እኮ። ደህና ሥጋ ጥዬ ይሆናል። ያንን ሁሉ ሰው አስርቤው ይሆናል።» ሲያለቅስ ያየሁት ያኔና እናቱ የሞተች ለት ነው። ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ባንድ እግሬ ጫማ፣ ባንዱ ጭቃ።

ዓረቡ ነው የገላገለን። «ስኳሩን ልጆቼ ጀምረውታል፣ በጎቹን መልሼ አልወስድም። እረዱ እንጂ፣ እኔም እርቦኛል» አለ። ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ ኢድሪስ የግራር እንጨት ለቀመ፣ ዓረቡ ከግመሉ ላይ ድስት አወረደ። ኢድሪስ አጥንቱን ሰበረ፣ ከታች ዘረጋ፣ ውኃ ጨመረ፣ ጨውን ጣል አደረገ። ሌላ ምን ነበረው? ምንም። አንስቶ ቀምሶ፣ ትንሽ አስቦ፣ እሳቱን ቀነሰ። እና ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ኢድሪስ መጠበቅ የሚችል ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ለካ እሳት ፊት ነው የሚያርፍ። ሲደርስ በድስቱ ክዳን አቀረበልኝ። ቀመስኩት።

አባቴ አልዋሹም ነበር።

እሱ ያየኛል፣ እኔ ዝም ብዬ እበላለሁ። «እንዴት ነው?» አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ክዳኑን መልሼ ዘረጋሁለት፣ ደግሞ ሞላልኝ። ያን ጊዜ ጠጋኞቹ በሐዲድ ላይ የሚገፋ ጋሪያቸውን ይዘው ሲያልፉ ሽታው አቆማቸው። በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ በጋሪው ጭነው ከነሱ ሰፈር አሳደሩን፣ በማግስቱ ከሰላ አደረሱን።

ከሰላ ላይ በሺር ጣቢያው ውስጥ ቆሞ አገኘነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሴትዮዋ ተርፋለች» አለ መጀመሪያ፣ ይሄንንም አልሸሽግበትም። ከዚያ ኢድሪስን፣ «ሥራህ አልቋል። እስከ ከሰላ ሻይና ብስኩት ነው ያበላኋቸው። አንድ ሽማግሌ ራሱን ስቶ ወድቋል። ሁሉም ሲረግምህ ነው የመጣው» አለው።

«ሆዱን የታመመ አለ?» አለ ኢድሪስ።

«የታመመ የለም።»

«ስላልበሉት ነው።»

በሺር መሐረቡን አወጣና፣ «ወይም ሥጋው ደህና ነበረ፣ ቢበሉትም አይታመሙም ነበር። ማን ያውቃል?» አለው፣ ሄደ።

ማን ያውቃል። ይሄ ቃል ነው ቤታችን ገብቶ የኖረ፣ ልጆቼ። ፖርት ሱዳንን ተውናት፣ ገዳሪፍ ተመልሰን ጣቢያው አጠገብ ዳስ ጥለን ምግብ ቤት ከፈትን። ባቡሩ ሲቆም መንገደኛው የምግብ ፉርጎውን ትቶ ወደኛ ይሮጣል፣ አሳላፊዎቹ ሳይቀሩ በጓሮ መጥተው ይበላሉ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ባቡር በጮኸ ቁጥር ጭልፋውን ጥሎ ይወጣል፣ ከአሳላፊው አንዱን ይይዝና፣ «ዛሬ ምን አበላችኋቸው? በረዶ ነበራችሁ?» ይላል። ማታ ደግሞ እራት እየበላን እጁን አቁሞ፣ «ዘይነባ፣ አንቺ በሩ ላይ ነበርሽ፣ ሸቶሽ ነበር?» ይለኛል። እኔም፣ «ሽንኩርት ነው የሸተተኝ» እለዋለሁ። ልጆች ወለድን፣ ልጆቹ አገቡ፣ ባቡሩም ቀረ፤ እሱ ግን ይጠይቀኛል። መዋሸት እችል ነበር። «ሸቶኛል፣ ገምቶ ነበር» ብለው የሚያርፍ ይመስል ነበር። አላልኩትም። ኢድሪስ በቃል የሚያርፍ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ ግን፣ ሲያረጅ፣ ሲደጋግምብኝ፣ እንዲህ አልኩት፤ «አንተ ሰውዬ፣ እርግጠኛ የሆነ ወጥ ሠሪ ሞልቷል፣ በሺርም «ጥበሰው» ሲል እርግጠኛ ነበር። እኔ ያንተን ድስት ዕድሜዬን ሙሉ ከፍቼ አይቼው አላውቅም፣ ያቀረብክልኝን ዝም ብዬ በልቻለሁ።» ትንሽ አሰበና እንጀራውን ቆረሰ። የዚያን ቀን ሳይነሳ በልቶ ጨረሰ። እና እኔ የምላችሁ፣ ከሚያውቅ ሰው እጅ መብላት ደህና ነው፤ ከሚሠጋልህ ሰው እጅ መብላት ግን ይበልጣል።

ሰልማ፦ ሐቦባ፣ ወላሂ እኔ ብሆን ግን ከባቡሩ አልወርድም ነበር።

(እየሳቁ) እኔም እኮ አልወርድም ብዬ ተቀምጬ ነበር፣ ልጄ። እግሬ ነው የወረደ።